ይህ ተህዋስ ማን ይባላል?



ተቅማጥ አስቸግሮት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ትንሽ ዕቃ ይሰጠውና ሰገራ ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል። በዚያች ዕቃ ውስጥ፣ በአንድ ግራሙ ብቻ፣ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ባክቴሪያ አለ። አብዛኛው የአንጀት ነባር ነዋሪ ነው፤ ማንንም አልበደለም። በሽታውን ያመጣው ከዚያ ሁሉ መሐል ተደባልቆ ያለ አንድ ዓይነት ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ያንን አንዱን ነጥላ አውጥታ፣ ስሙን ጽፋ ለሐኪሙ መላክ አለባት። በምን ታውቀዋለች? የዛሬው ጨዋታችን እሱ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

ማየት የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። በኔዘርላንድስ፣ በዴልፍት ከተማ ጨርቅ ይነግድ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በገዛ እጁ በሠራቸው ሌንሶች ባክቴሪያን አየ፤ በ1676ም ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አስታወቀ። ማየቱንስ አየ፤ ማን ማን እንደሆኑ የሚለይበት መንገድ ግን አልነበረውም። ከ90 ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተሻሻለም። ዕፅዋትንና እንስሳትን በየወገናቸው ደልድሎ ለእያንዳንዱ ባለ ሁለት ቃል ስም ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እነዚህ ረቂቃን ዘንድ ሲደርስ መላው ጠፋበት። ከትሎች ሥር አንድ ጥግ ሰጣቸውና «ካኦስ» ብሎ መዘገባቸው፤ ትርምስ ማለቱ ነው። እኔ በበኩሌ ለዚህ አመዳደብ አክብሮት አለኝ። ያላወቁትን ያወቁ መስሎ ከመደልደል፣ ትርምስ ነው ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ትርምሱን መልክ ማስያዝ የጀመረው ፈርዲናንድ ኮን ነው፤ በ1872፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ባለችውና ያኔ ብሬስላው ትባል በነበረችው ከተማ። መለያው ቅርጽ ነበር፤ ድቡልቡሉን ለብቻ፣ ዘንጉን ለብቻ፣ ጥምዝምዙን ለብቻ። ዛሬም በማይክሮስኮፕ ሥር የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። ከእንጀራ እርሾ አንድ ጠብታ ወስዳችሁ ብትመለከቱ የተደበላለቁ ሁለት ወገኖች ታያላችሁ። ተለቅ ያሉት፣ ሞላላዎቹ፣ አንዳንዴም ከጎናቸው ትንሽ እብጠት የሚያበቅሉት ከፈንገስ ወገን ናቸው። በዙሪያቸው የተበተኑት ደቃቅ ዘንጎች ደግሞ ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። የፈንገሱ ሕዋስ የሚሊ ሜትር 5 ሺኛ ያህል ቢሆን የባክቴሪያዎቹ ውፍረት ከ1 ሺኛ እምብዛም አያልፍም። ፈንገስንና ባክቴሪያን ለመለየት እንግዲህ ዓይን ይበቃል።

ባክቴሪያን ከባክቴሪያ ለመለየት ግን ቅርጽ ቶሎ ይከዳል። የታይፎይዱ ባክቴሪያ፣ ሳልሞኔላ፣ ዘንግ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላም ዘንግ ነው። በአንጀታችን በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይም ያው ዘንግ ነው። ሦስቱን አንድ መስታወት ላይ ብታሰልፏቸው የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያም በመልክ አይለያቸውም።

ቀጥሎ የመጣው ቀለም ነው። የዴንማርኩ ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 በርሊን ውስጥ፣ በከተማው ሆስፒታል አስከሬን ክፍል፣ ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ ይመረምር ነበር። ያስቸገረው ነገር ቀለም ሲጨምርበት የሳንባው ሕዋስም ባክቴሪያውም እኩል መቅለማቸው ነው። ቫዮሌቱን ቀብቶ፣ አዮዲን አስከትሎ፣ በአልኮል ሲያጥበው ሳንባው ቀለሙን ለቀቀ፤ ባክቴሪያው እንደያዘ ቀረ። የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ነገር ግን አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ከሳንባው ጋር አብረው ቀለሙን ለቀቁ። ግራም ዘዴው ጉድለት እንዳለበትና ገና እንዳልተሟላ በጽሑፉ ላይ አስፍሯል። ዛሬ የባክቴሪያ ላቦራቶሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በዚያው ባክቴሪያዎቹ ለሁለት በተከፈሉበት ነገር ነው።

ቀለሙን የሚይዙት ግራም ፖዘቲቭ ይባላሉ፤ ወፍራም ግድግዳ አላቸው፤ ቫዮሌቱ ከአዮዲኑ ጋር ተጣብቆ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ከግድግዳው በላይ ደግሞ ስብነት ያለው ሌላ ሽፋን ደርበዋል። አልኮሉ ሽፋኑን ያሟሟዋል፤ ቀለሙም ይወጣል። ከግራም በኋላ የመጡ ሰዎች በመጨረሻ ሳፍራኒን የሚባል ቀይ ቀለም ጨመሩበትና የለቀቁትም በሮዝ መልክ የሚታዩ ሆኑ። ይህ ሽፋን የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቫንኮማይሲንን የመሰለ መድኃኒት ያንን ሽፋን አልፎ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ገና የባክቴሪያውን ስም ሳያውቅ፣ ሮዝ ነው ወይስ ቫዮሌት የሚለውን ብቻ ሰምቶ የመድኃኒት ምርጫውን ማጥበብ ይችላል።

በላቦራቶሪ የሠራችሁ አድማጮች የማስለቀቂያዋን ደቂቃ ታውቋታላችሁ። ደቂቃ አልኩ እንጂ ሰከንዶች ናቸው። አልኮሉ ትንሽ ከቆየ ቫዮሌት መሆን የነበረበት ሮዝ ሆኖ ይወጣል፤ ቶሎ ከታጠበ ደግሞ ሮዙ ቫዮሌት ይመስላል። ከማሽን ይልቅ እጅና ልምድ የሚወስኑት ሥራ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ስሙ የሚታወቅ አንድ ቫዮሌትና አንድ ሮዝ ባክቴሪያ አብሮ ቀብቶ ራሱን የሚፈትሸውም ለዚህ ነው።

ማጅራት ገትር ከተጠረጠረበት ሕፃን አከርካሪ የተቀዳ ፈሳሽ በዚህ ቀለም ሲታይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ሮዝ ድቡልቡሎች ከታዩ ጥርጣሬው ወደ ኒሴሪያ ሜኒንጃይቲዲስ ይሄዳል። ጥንዶቹ ቫዮሌት ከሆኑ ወደ ኒሞኮከስ ነው። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከዚህ ወዲያ ባክቴሪያውን መግቦ ማሳደግ ይመጣል፤ ካልቸር የምንለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የምወዳት ሰው ፋኒ ሔሰ ናት። ባሏ ቫልተር ሔሰ በሮበርት ኮኽ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ባክቴሪያ የሚያሳድጉት በጄላቲን ላይ ነው፤ ጄላቲን ደግሞ በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ይቀልጣል፤ ሳይቀልጥ ቢቀር እንኳ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይበሉታል። በበጋ ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1881 ፋኒ፣ እኔ ወጥ ቤት የምጠቀምበትን አጋር ለምን አትሞክርም አለችው። አጋር ከባሕር አረም የሚሠራ ነው፤ ኒው ዮርክ ሳለች ጃቫ ደሴት ኖራ ከመጣች ጎረቤቷ ነው አጠቃቀሙን የለመደችው። ሲፈላ ይቀልጣል፤ ወደ 40 ዲግሪ ሲበርድ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ በ37 ዲግሪ አይነቃነቅም። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችም ሊበሉት አይችሉም። ኮኽ በማግስቱ ዓመት የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲያስታውቅ አጋርን ጠቀሰ፤ የሔሰዎችን ስም ግን አላነሳም። በ1887 ዩልየስ ፔትሪ የተባለው ረዳቱ ክዳን ያላትን ዝርግ ሳህን ሠራ፤ ሳህኗ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። አጋርን በፋኒ ስም የሚጠራ የለም።

የአጋር ጥቅሙ ማሳደጉ ብቻ አይደለም፤ ነጥሎ ማሳደጉ ነው። ሰገራው በቀጭን ሽቦ ጫፍ ተነክቶ ሳህኑ ላይ እየተሰመረ፣ እየሳሳ ይሄዳል። መጨረሻው መስመር ላይ አንዷ ባክቴሪያ ከሌላዋ ርቃ ብቻዋን ትወድቃለች። ኢ. ኮላይ ከተመቸችው በ20 ደቂቃ ለሁለት ትከፈላለች፤ በማግስቱ ጠዋት ከአንዷ የተገኘው ዘር ሁሉ በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ሆኖ ይገኛል። ኮሎኒ የሚባለው እሱ ነው። አንድ ኮሎኒ፣ አንድ ዘር።

አሁን ሳህኑን ራሱን ጠያቂ ማድረግ ይቻላል። ማኮንኪ በሚባለው አጋር ውስጥ የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ፣ እና ለአሲድ ቀለሙን የሚለውጥ ንጥረ ነገር አለ። ሐሞት ጨውም ስላለበት ግራም ፖዘቲቮቹ አያድጉበትም። ኢ. ኮላይ ላክቶሱን ትበላና አሲድ ታወጣለች፤ ኮሎኒዋ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ሳልሞኔላና ሺጌላ ላክቶስ አይበሉም፤ ኮሎኒያቸው ቀለም የለሽ ሆኖ ይቀራል። በመልክ ሊለዩ ያልቻሉት ዘንጎች በአመጋገባቸው ተለዩ ማለት ነው። ባለሙያዋም በሮዞቹ መሐል ቀለም አልባውን ፈልጋ ትለቅማለች፤ ከዚያ በትንንሽ ቱቦዎች ሌሎች ጥያቄዎች ትጠይቀዋለች። ዩሪያ ይሰባብራል? የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ያወጣል? ይዋኛል? ሺጌላ አይዋኝም፤ ሳልሞኔላ ይዋኛል። እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ትርጉም የለውም፤ ተደምሮ ነው ስም የሚሆነው።

ሌላው መንገድ በአንቲቦዲ ነው፤ ሰውነታችን ወራሪን ለመከላከል በሚሠራው ፕሮቲን። ስሙ የሚታወቅ አንቲቦዲ በጠብታ ይወሰድና ካልታወቀው ባክቴሪያ ጋር መስታወት ላይ ይቀላቀላል፤ ከተገጣጠሙ ባክቴሪያዎቹ እየተያያዙ ይጓጉላሉ። ከላይ የጠቀስኩት የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ እየተባለ በምድብ የሚከፈለው በዚህ ነው። ምድቡ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከ2010 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጣና የተሰጠው ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት የሚከላከለው ከምድብ ኤ ብቻ ነው። ወረርሽኝ ሲነሳ ምድቡ ሳይታወቅ የትኛው ክትባት ይላክ ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ታይፎይድና ታይፈስ እንለፍ። በአገራችን ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ሳይባል የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለቱ ተህዋስያን ግን በምንም አይገናኙም። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ በተበከለ ምግብና ውሃ ይገባል፤ በአጋር ላይ በአንድ ሌሊት ያድጋል። የወረርሽኙን ታይፈስ የሚያመጣው ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የሚተላለፈው በሰውነት ቅማል ነው፤ ሕይወት ካለው ሕዋስ ውስጥ ካልሆነ በቀር ስለማያድግ በየትኛውም አጋር ላይ አታገኙትም። አጥኚዎቹንም አስከፍሏቸዋል፤ አሜሪካዊው ሐዋርድ ሪኬትስ በ1910 በሜክሲኮ፣ ስታኒስላውስ ፎን ፕሮዋዜክ በ1915 በጀርመን ይህንኑ በሽታ ሲመረምሩ በበሽታው ሞቱ። በማግስቱ ዓመት ብራዚላዊው ሄንሪክ ዳ ሮቻ ሊማ ተህዋሱን በሁለቱ ስም ሰየመው።

ታዲያ በክሊኒኩ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? ለታይፎይድ የሚሠራው የቪዳል ምርመራ በ1896 የወጣ ነው፤ ለታይፈስ የሚሠራው የቫይል-ፌሊክስ ምርመራ ደግሞ በ1916። ሁለቱም ቅድም የነገርኳችሁ የመጓጎል ዘዴ ናቸው፤ ግን የተገለበጠ። የሚታወቀው ባክቴሪያው ነው፤ የሚፈለገው በታማሚው ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ነው። 1 ለ 80፣ 1 ለ 160 የሚባለው ቁጥር የደሙ ውሃ ምን ያህል እስኪቀጥን ድረስ ማጓጎሉን እንደቀጠለ ይናገራል። ባክቴሪያውን ራሱን ያየው ሰው የለም። አንቲቦዲ ደግሞ ከዓመታት በፊት በያዘ በሽታ ወይም በክትባት ሊቀር ይችላል፤ የሳልሞኔላ ዘመዶችም፣ አንዳንዴ ወባም፣ ተመሳሳይ መልስ ያስገኛሉ። በመንደሩ የጅብ ኮቴ ማየት ጅብ ማለፉን ይነግራል፤ ጅቡ አሁን ከበረቱ ውስጥ መሆኑን ግን አይነግርም። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ቁጥር እንዲያ ነው። ክብደት የሚኖረው ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ በድጋሚ ሲለካ በአራት እጥፍ ከጨመረ ነው።

የታይፈሱ ምርመራ ይብሳል። በወረቀቱ ላይ ኦኤክስ-19 ተብሎ የሚጻፈው ሪኬትሲያ አይደለም፤ ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው። ኤድሙንድ ቫይልና አርተር ፌሊክስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከታይፈስ ታማሚዎች ሽንት ፕሮቲየስን አገኙ፤ የታማሚዎቹም ደም አጓጎለው። ፕሮቲየስ ታይፈስን አያመጣም፤ ከላዩ ያለው አንድ ነገር ከሪኬትሲያ ጋር ስለሚመሳሰል ነው ደሙ የተሳሳተው። ሪኬትሲያን ማሳደግ በማይቻልበት ዘመን ይህ ብልህ ዘዴ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ከሆነው በኋላ ብቻውን ፈራጅ ማድረግ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አይገባም። መድኃኒታቸው አንድ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባላሳሰበ። ለታይፎይድ የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን በሪኬትሲያ ላይ አይሠራም፤ ለታይፈስ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን ነው።

ለታይፎይድ የሚታመነው መንገድ ከደም ባክቴሪያውን ማሳደግ ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ባክቴሪያ በላይ አይገኝም። ስለዚህ ነው ለካልቸር የሚቀዳው ደም በዛ የሚለው፤ ከታማሚው የሚጠበቀውም መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ሳይደብቅ መናገር ነው። አንድ ሁለት ፍሬ አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከተዋጠ ሳህኑ ባዶ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ መለየት ነው። አንድ ወገን ምን ማለት ነው፣ ማን የማን ዘመድ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እሱን ያናወጠው ዘረመል ነው። በ1977 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም ውስጥ ያለችና ርዝመቷ 1,500 ፊደላት ያህል የሆነች የአርኤንኤ ቁራጭ ይዘው ተህዋስያንን አነጻጸሩ። ሚቴን ጋዝ የሚያወጡት፣ እስከዚያ ቀን ባክቴሪያ ሲባሉ የኖሩት፣ ከባክቴሪያም ከእኛም የራቁ ሦስተኛ ወገን ሆነው ተገኙ። አርኪያ ተባሉ። በማይክሮስኮፕ ሥር ከባክቴሪያ አይለዩም ነበር።

ዘረመሉ ሌላም ጉድ አወጣ። ሺጌላ በዘረመሏ ስትታይ ከኢ. ኮላይ ወገን መሐል ነው የምትወድቀው፤ የተለየች ዝርያ የሚያሰኛት ነገር የለም። ስሟ ያልተለወጠው ሐኪሞች ስለለመዱት፣ በሽታውም የተለየ ስለሆነ ነው። በሳልሞኔላ የሆነው ተቃራኒው ነው። በላያቸው ባለው ነገር እየተለዩ ከ2,500 በላይ ዓይነቶች ተመዝግበው ነበር፤ በአንድ ወቅት እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ዝርያ ይባል ነበር። ዛሬ ዝርያዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ሺጌላን በልማድ ለይቶ፣ ሳልሞኔላን በዘረመል ጠቅልሎ የሚሄድ መዝገብ ወጥነት የለውም ብትሉ አልከራከራችሁም። ሕመምተኛ የሚያክም ሰው የሚሻው መዝገብና የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሰው የሚሻው መዝገብ አንድ አይደሉም።

ወደ ሳንባ ነቀርሳ ልለፍና ላብቃ። የቲቢ ባክቴሪያ ሰም የመሰለ ሽፋን ስላለው የግራም ቀለም በደንብ አይዘውም። አክታው በስሱ ተቀብቶ፣ ቀይ ቀለም ከፈሰሰበት በኋላ ከሥር በእሳት ይሞቃል፤ ከዚያ በአሲድና አልኮል ይታጠባል። ሌላው ሁሉ ሲለቅ የቲቢው ዘንግ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ይህ ምርመራ እንዲይዘው በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ቢያንስ 5,000 ያህል ባክቴሪያ መኖር አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ አይታይም። ካልቸሩ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል፤ ቲቢ ለሁለት ለመከፈል አንድ ቀን ገደማ የሚፈጅ ዘገምተኛ ነውና። አሁን በየሆስፒታላችን የምትሰሙት ጂን ኤክስፐርት አንዲት የዘረመል ቁራጭ አንብቦ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቲቢ መሆኑንና ሪፋምፒሲን ለተባለው መድኃኒት እጅ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን ይናገራል።

ሙሉው ዘረመል ሲነበብ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። የዓለም ቲቢ በዘር ሐረጉ በየመስመሩ ተከፋፍሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። በ2012 እና በ2013 በወጡ ጥናቶች ከነባሮቹ ከየትኛውም ጋር የማይገጥም አንድ መስመር ተገለጸ፤ መስመር 7 ተባለ። የተገኘው ከሞላ ጎደል በኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ በተለይ በሰሜኑ፣ በወልዲያ አካባቢ። በ2016 አጥኚዎች «ኤቲዮፕስ ቬቱስ» ይባል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሌሎቹ ይበልጥ በዝግታ ያድጋል። በአማራ ክልል የተደረገ ጥናትም ይህ መስመር የያዛቸው ሕሙማን ወደ ሕክምና የሚሄዱት ከሌሎቹ ዘግይተው እንደሆነ አሳይቷል። ጂን ኤክስፐርት መስመሩን አይለይም፤ መድኃኒቱም ያው የቲቢ መድኃኒት ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳላችሁ አድማጮች ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አክታ ስትሰጡ ምራቅ አይደለም የሚፈለገው። ጠዋት እንደተነሳችሁ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥምጣችሁ፣ ውጭ ወይም ነፋስ ባለበት ቦታ ሆናችሁ፣ ትንፋሽ በደንብ ስባችሁ ከደረት የመጣውን ስጡ፤ ክዳኑንም ግጠሙት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ወባን ይዘን እንመለሳለን፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ በምን እንደሚለዩ፣ ቫይቫክስ ከታከመ በኋላ ለምን እንደሚያገረሽ እናወራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።